መጀመሪያ መቀመጫዬን

ትናንት ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስሄድ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ስልኬን ማንበብ ጀመረ። አንገቱ ወደ ፊት ቀጥ ብሏል፤ ፊቱ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ይመስላል። ዓይኑ ግን እኔ ጋ ነው። በምን አወቅሁ? የዓይኑ ነጭ አሳበቀበታ! ጥቁሩ ወደ ጥግ ሲሸሽ ነጩ ባዶ ሜዳ ሆኖ ይቀራል።

ኮባያሺና ኮሺማ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. የሰውን ዓይን ከጦጣና ከዝንጀሮ ዘሮች ዓይን ጋር አስተያይተው ነበር። እኛ ነጭ ያለን ቦታ የአብዛኞቹ ቡናማ ነው፤ ወዴት እንደሚያዩ በቀላሉ አይለይም። ጥቁር መነጽር አድርገው ተወለዱ በሉት። የእኛ ነጭ ሆኖ ሳለ ጭራሽ ወደ ጎንም ረዝሟል። (ኋላ ላይ ነጭ ያላቸው ጎሪላዎችም ታይተዋል፤ ቢሆንም ጎሪላ ታክሲ አይሳፈርም።)

ነጩ ያለ ቃል ለመግባባት ጠቀመን የሚሉ አሉ። እኔን ግን እንቁላል አሳጥቶኛል። ልጅ ሳለሁ ለፋሲካ አክስቴ ቤት ተጋብዘን፣ «አንድ እንቁላል ልጨምርልህ የኔ ጌታ?» ስትለኝ፣ እናቴ ከማዶ ዓይኗን አንዴ ወደ ሳህኔ፣ አንዴ ወደ በሩ ወረወረችው። «ጠግቤያለሁ በል፤ አለዚያ ቤት እንገናኛለን» ማለቷ ነው። ጠገብኩ። እንቁላሉን የአክስቴ ልጅ ዋጠው። ቺምፓንዚ ብሆን ኖሮ አልገባኝም ብዬ እበላው ነበር!

ታርሲየር የምትባል የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ፍጥረት አለች፤ አንድ ዓይኗ ብቻ አንጎሏን ያህላል። ዓይኗ በጉድጓዱ ውስጥ ስለማይዞር፣ ጎረቤቷን ለማየት ጭንቅላቷን ሙሉ ማዞር አለባት። እንዲህ ነው ጨዋነት! የሰሜን ተራራው ጭላዳም ሲቆጣ ቅንድቡን ሰቅሎ ነጣ ያለ የዓይኑን ቆብ ያሳያል፤ ከንፈሩን ይገለብጣል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ ቅንድቤን ብሰቅል ሰውዬው ሰላም ያልኩት ይመስለዋል።

እሾሁን ከየት እንንቀልልሽ ሲሏት «መጀመሪያ መቀመጫዬን» ያለችው ዝንጀሮ እንዴት ያለች ብልህ ናት! ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» እያለ አራት ደርድሮናል። የሰውዬው ትከሻ ጎኔ ውስጥ ከገባ ዓይኑ የት ይግባ?

ያነበበውማ የአክስቴን ልጅ መልእክት ነው። ብር አበድረኝ ይላል።

«ዘመድ አይደል? ብትልክለት ምናለ» አለኝ፣ አንገቱን ሳያዞር።

እንቁላሉን አያውቅማ።

«ወራጅ አለ!» አልኩ። ገና አራት ኪሎ ነበርን።