ማስተካከያ፦ ባክቴሪያው ፌስታል አይበላም

ሰሞኑን በጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወረው «ጃፓኖች ያገኙት ባክቴሪያ ማንኛውንም ፕላስቲክ በአንድ ሌሊት ይበላል» የሚለው መረጃ መታረም አለበት። ግኝቱ እውነት ነው፤ የተጨመረበት ቅመም ግን በዝቷል።

ኢዲዮኔላ ሳካይየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ይፋ ሆነ። የተገኘው በጃፓን ሳካይ ከተማ፣ ያገለገሉ ጠርሙሶች መልሰው ከሚመረቱበት ስፍራ ነው። የሚመገበው የውሃ ሃይላንድ የሚሠራበትን፣ ፔት የተባለውን ፕላስቲክ ነው። እሱንም ቢሆን በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት አንድ ስስ ቁራጭ ለመጨረስ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል። ጠርሙሱ ደግሞ ይብስበታል፤ ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ስለተደረደሩ ባክቴሪያው ፕላስቲኩን የሚቆርጥበት ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) በቀላሉ አይደርስባቸውም።

ከቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ይዘንበት የምንመለሰው ፌስታልስ? እሱ ፖሊኢትሊን ነው፤ ካርቦን ከካርቦን የተያያዘበት ረጅም ሰንሰለት። ኢንዛይሙ የሚቆርጠው፣ የፔትን ሰንሰለት የሚያያይዘው የኤስተር ማያያዣ በውስጡ የለም። ስለዚህ «ቀሃ ወንዝ ብንጥለውም ባክቴሪያው ይጨርሰዋል» የሚለው ምክር፣ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ መሠረት የለውም።

በ2020 ፈረንሳይ ውስጥ ተሻሽሎ የቀረበው ኢንዛይም ፔትን በ10 ሰዓት ውስጥ 90 በመቶ መበታተኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የኢንዛይሙ ምንጭ ይህ ባክቴሪያ አይደለም፤ የሠራውም ቀድሞ በተዘጋጀ ፕላስቲክ ላይ፣ 72 ዲግሪ በሚሞቅ ጋን ውስጥ እንጂ በወንዝ ውሃ አይደለም።