ባህሩ ከመቅላቱ በፊት ባልዲ ይዞ የሚወርድ ሰው ይኑር

አረብ ሀገር የኖረ ያውቀዋል፣ ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ አብዛኛው ከባህር ተስቦ ጨዉ ወጥቶለት ነው። በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ አካባቢ ፉጃይራ፣ ኢምሬትስ ውስጥ ያለች የባህር ዳር ከተማ ነበርኩ፣ ባህሩ የዛገ ቆርቆሮ መስሎ፣ ሽታው መስኮት ዘግተንም እየገባ፣ ጠዋት ስንወጣ አሳው ሆዱን ገልብጦ ዳርቻው ላይ ተኝቶ። ምን እንደሆነ የነገረን ሰው የለም። ኮክሎዲኒየም የሚባል አልጌ፣ ውሃ ውስጥ የሚራባ ደቃቅ ነገር መሆኑን የሰማሁት ቆይቶ ነው፣ ከ8 ወር በላይ ቆየ፣ 1200 ኪሎሜትር የሚሆን ዳርቻ አዳረሰ፣ አሳ ፈጀ፣ ኮራል ጎዳ፣ የባህር ውሃ የሚያጣሩትን ፋብሪካዎች ሳይቀር አዘጋ። እምቦጭን እንኳን ቆመህ ታየዋለህ፣ ይሄኛው ግን አንዱን ለብቻው በዓይንህ አታየውም፣ ሚሊዮን ሆኖ ውሃውን ሲያቀልመው ነው የምትነቃው።

አሁን አሁን "ሳተላይት አለ፣ ኤአይ አለ፣ ቀድሞ ይነግረናል" ሲባል እሰማለሁ። ይረዳል፣ አልክድም። ግን ሳተላይት የሚያየው ቀለም ነው፣ አልጌ በዝቷል ይልሃል እንጂ የትኛው አልጌ እንደሆነ በእርግጠኝነት አይነግርህም፣ አብዛኛው አልጌ ደሞ ምንም አያደርግም እንደውም የአሳ ቀለብ ነው። የአረቦቹ ባህረ ሰላጤ ላይ ደሞ ውሃው ብዙ ጥልቀት ስለሌለው ከስር ያለው አሸዋ ያሳስታል፣ አቧራውም አለ። አንዴ የት እንዳለ ከታወቀ ግን ኮምፒውተሩ ንፋሱንና የውሃውን ፍሰት አይቶ በሚቀጥሉት ቀናት ወዴት እንደሚሄድ መገመት ይችላል፣ ለፋብሪካ ደሞ ሁለት ሶስት ቀን ትልቅ ነገር ነው፣ ጋን ይሞላል፣ ማጣሪያውን ያዘጋጃል።

ከባዱ መቼ እንደሚጀምር ማወቁ ነው። አሜሪካ ሜይን ባህረ ሰላጤ ላይ ዉድስ ሆል የሚባለው የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ሰዎች በየመኸሩ ከባህር ስር ጭቃ እያወጡ እዛ የተኛውን የአልጌ ዘር ይቆጥሩ ነበር፣ ዘሩ ከበዛ በሚቀጥለው ፀደይ ይብሳል ብለው። ለ2010 ቆጠራው በጣም ከፍ ስላለ ከባድ ይሆናል ብለው አስጠነቀቁ፣ አልሆነም፣ ውሃው ራሱ ተቀይሮ ሞቅ ያለና ለአልጌው የሚሆን ምግብ ያነሰው ሆኖ ተገኘ። ይሄ እኔን ሞዴል የሚሉትን የኮምፒውተር ትንበያ አያስጠላኝም፣ እንደውም ባህሩ ውስጥ ገብቶ የሚለካ ሰው ከሌለ ሞዴሉ በትናንቱ ባህር እንደሚተነብይ ነው ያሳየኝ።

ፍሎሪዳ ላይ በጎ ፈቃደኞች ከባህር ዳር ውሃ ቀድተው፣ ስልካቸውን ማይክሮስኮፕ ላይ ገጥመው ጠብታዋን ቪዲዮ ይቀርጿታል፣ ይልኩታል፣ ኮምፒውተሩ አልጌውን በሚዋኝበት ሁኔታ ለይቶ ይቆጥረዋል፣ ከዛ ንፋሱ ተጨምሮበት የአልጌው መርዝ በአየር መጥቶ የትኛው ቢች ላይ ሳል እንደሚያስነሳ ይነገራል። በየቢቹ! አስም ያለበት ሰው የቱ ጋ እንደማይሄድ ያውቃል ማለት ነው።

የባህረ ሰላጤው ሀገሮች ይሄን ለማድረግ ገንዘብ አያንሳቸውም። የምጠይቀው ውሃው ገና ቀለም ሳይቀይር በየሳምንቱ እንዲቀዳና እንዲታይ፣ ኦማን ያየችውን ኢምሬትስ በዛው ቀን እንድታውቅ ነው፣ አልጌው እንደሆነ ድንበር አያውቅም። ማስጠንቀቂያውም ቢሮ ውስጥ አይቅር፣ አሳ አጥማጁ ስልክ ላይ ይድረስ፣ በአማርኛም ይላክ፣ ብዙ ቤት ውስጥ አሳውን የምታጥበውና የምትጠብሰው የኛ እህት ናት።