ግሉታታዮን፦ በጤና ስም የሚሸጥ ቅላት

ቴሌግራም ላይ ጫማና ቦርሳ ከሚሸጡት ቻናሎች መሀል ቆዳ ያቀላል እያሉ ግሉታታዮን የሚሸጡትም በዝተዋል። ክኒኑ አለ፣ ሳሙናው አለ፣ እንደ ግሉኮስ ተንጠልጥሎ በደም ሥር የሚሰጠውም አለ። የማስታወቂያው ቃል ከቻናል ቻናል ብዙም አይለይም። «ውዶች፣ ኦሪጅናሉ ገብቷል። ከውስጥ ያጸዳል፣ ያፈካል። አንቲኦክሲዳንት ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም።» እኔን የሚከነክነኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ቆዳ ማቅላት አዲስ ነገር አይደለም። ግን ድሮ ይደበቅ ነበር። ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን የሚባል መድኃኒት ያለበት ቅባት የምትቀባ ሴት ቱቦውን ቁም ሳጥን ውስጥ ትሸሽገው ነበር። «ቀላሽ እኮ!» ስትባል «አየሩ ተስማምቶኝ ነው» ትላለች። ሀፍረቱን አልደግፍም። ቢሆንም ነገሩ ጉዳት እንዳለው ሁሉም ያውቅ ነበር። ግሉታታዮን ያንን ፍርሃት አስቀረው። ፍላጎቱ ያው ቅላት ነው፤ ስሙ ግን «ጤና» ሆኗል። ወንዶችም ገብተውበታል።

ሞለኪውሉ ራሱ ምንም አላጠፋም። ሰውነታችን ሦስት አሚኖ አሲዶችን፣ ማለትም ግሉታሜትን፣ ሲስቴይንን እና ግላይሲንን አያይዞ ራሱ ይሠራዋል። በየሴላችን ውስጥ አለ፤ ጉበት ውስጥ ደግሞ በብዛት ይገኛል። ፀሐይ፣ ጭስና ሕመም የሚያመነጯቸውን ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ሞለኪውሎች ያረጋጋል፤ አንቲኦክሲዳንት የሚባለውም ለዚህ ነው። ዋጋውን ለማወቅ ፓራሲታሞል ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ምን እንደሚሆን ማየት ነው። ጉበቱ የሚቃጠለው ግሉታታዮኑ ስለሚያልቅበት ነው። ሐኪሞች ታዲያ ምን ይሰጡታል? ግሉታታዮን አይደለም። ኤን አሴታይል ሲስቴይን የሚባል መድኃኒት ነው፤ ጉበቱ ጥሬ ዕቃውን አግኝቶ ግሉታታዮኑን ራሱ እንዲሠራ። ሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ እንኳ መንገዱ ይሄ ነው።

ክኒኑን የዋጠ ሰውስ? አብዛኛው ገና አንጀት ውስጥ ይፈራርሳል። ታይላንድ ውስጥ 60 የሕክምና ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ግማሾቹ በቀን 500 ሚሊ ግራም ለ4 ሳምንት ወሰዱ። ቆዳቸው ላይ ከተለኩት ቦታዎች በጥቂቶቹ ብቻ የቀለም መቀነስ ታየ። 4 ሳምንት፣ 60 ሰው። ይሄን ይዞ ነው እንግዲህ «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚባለው።

ነገሩ የሚከፋው መርፌው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓኪስታን የወጣ ጥናት 50 ሴቶችን ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን 1,200 ሚሊ ግራም ግሉታታዮን በሳምንት ሁለቴ ለ6 ሳምንት በደም ሥር ተሰጠው። እስከ መጨረሻው ከዘለቁት 16 ሴቶች ለውጥ የታየባቸው 6 ናቸው። እሱም ቢሆን መርፌው ከቆመ በኋላ ባሉት ወራት እየጠፋ ሄደ። በአንጻሩ መርፌውን ከጀመሩት ሴቶች የ8ቱ የጉበት ምርመራ ተዛባ፤ አንዷ ደግሞ ነፍስን የሚያሰጋ አለርጂ ያዛት። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልክ ነው። ግን ሻጮቹ ከዚህ የተሻለ አላሳዩንም።

ነገሩ በጣም ገኖ የነበረው ፊሊፒንስ ውስጥ ነው። እዚያ በመርፌ የሚሰጠው ግሉታታዮን የተፈቀደው ሲስፕላቲን በሚባል የካንሰር መድኃኒት ለሚታከሙ ሰዎች አጋዥ ሆኖ ነው። ለማቅላት አይደለም። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2011 አስጠንቅቋል፤ በ2019 ማስጠንቀቂያውን ደግሞታል። የአሜሪካው አቻውም በ2015 ቆዳ የሚያቀሉ መርፌዎችን ሕዝቡ እንዳይጠቀም አሳስቧል። በ2019 ደግሞ ለምግብ ማሟያ ተብሎ ከተመረተ ዱቄት የተዘጋጀ ግሉታታዮን በደም ሥራቸው የተሰጣቸው 7 ሰዎች መታመማቸውን ይፋ አደረገ። አስመለሳቸው፣ አንቀጠቀጣቸው፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ምክንያቱ ዱቄቱ ውስጥ የነበረ የባክቴሪያ መርዝ ነው። ይህን ዓይነት ነገር ብልቃጡን በማየት ማንም አይለየውም።

እኔ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ያየሁት ብልቃጥ ነጭ ዱቄት ነበር። ጎኑ መበጥበጫ ውሃና የቫይታሚን ሲ አምፑል። ጽሑፉ እኔም የሳሎኑ ባለቤትም ማንበብ በማንችለው ቋንቋ ነው። ግሉኮሱ የሚንጠለጠለው የልብስ መስቀያ ላይ፣ ወንበሩም ጸጉር ማድረቂያው ሥር። መርፌውን የምትወጋውን ልጅ «ነርስ ነሽ?» አልኳት። «ሠልጥኛለሁ» አለች። የት እንደሆነ አልነገረችኝም። አለርጂ ቢነሳ የሚሰጥ አድሬናሊን አላየሁም።

ሰው ብዙም የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። ግሉታታዮን ያቀላል የሚባለው ሜላኒንን፣ ማለትም የቆዳን ቀለም፣ የሚሠራውን ኢንዛይም ስለሚያዳክም፣ ጥቁሩን ሜላኒን ደግሞ ወደ ቀይና ቢጫ ስለሚያዘነብለው ነው። ጥቁሩ ዩሜላኒን ይባላል፤ ቀዩ ፊዮሜላኒን። ዩሜላኒን የፀሐይን ጨረር ይውጣል፣ ፍሪ ራዲካሎችንም ያጠፋል። ፊዮሜላኒን ግን ጥበቃው ደካማ ነው፤ ጨረር ሲያገኘው ጭራሽ ራሱ ፍሪ ራዲካል ያመነጫል። እንግዲህ ዕቃው ሻጩ እንዳለው ቢሠራ እንኳ፣ በአንቲኦክሲዳንት ስም ገንዘብ ከፍለን የራሳችንን ምርጥ አንቲኦክሲዳንት እያስቀነስን ነው። ደግሞ የት ሆነን? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ምድር ወገብም ሩቅ አይደለም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐዩ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ አይታወቀንም እንጂ ቆዳችንን ቆላ ካለው የበለጠ ያገኘዋል። ሜላኒን ማጣት ምን እንደሚያመጣ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ያውቁታል። በወጣትነታቸው ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣሉ።

«አንቲኦክሲዳንት ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውም ቢሆን ከፈረሰ ቆይቷል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ1994 ወጣ። ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረ። ካሮት ብሉ፤ ችግር የለውም። በክኒን ታጭቆ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንቲኦክሲዳንት ለቆዳ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። በደንብ የተዘጋጀ፣ ፊት ላይ የሚቀባ ቫይታሚን ሲ ከፀሐይ መከላከያ ጋር ሲሆን ይረዳል። ከምሳ ጋር የሚቀርበው የቃሪያ ስንግ ቫይታሚን ሲ ሞልቶታል፤ ቻናል ከፍቶ ያስተዋወቀው ግን የለም። ብዙ ሴቶች ወደ ግሉታታዮን የሚሄዱት ደግሞ ማድያት አስመርሯቸው ነው። ማድያት የሚብሰው በፀሐይ ነው፤ በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ያብሰዋል። ስለዚህ ተራ የፀሐይ ክሬም ላይበቃ ይችላል። አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም የሚመስለው ይሻላል። ክሬሙ ውድ ነው፤ አውቃለሁ። አንድ ዙር ግሉታታዮን ግን ስንት ያስወጣል? ጃንጥላና ሰፋ ያለ ባርኔጣስ?

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ክሬሙን ብቻ ማሳደድ የለበትም። ደም ሥር የሚገባ ነገር ጸጉር ቤት ውስጥ መሰጠት የለበትም፤ ይሄ ክርክርም አያስፈልገውም። ማስታወቂያው በስልክ ቁጥርና በአድራሻ ነው የሚወጣው፤ ፈልጎ ማግኘት አያቅትም።

አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁ ደግሞ ሐኪም ቤት ስትሄዱ አትደብቁ። ጉበታችሁንና ኩላሊታችሁን ተመርመሩ። ከመርፌው ጋር የሚቀባ ነገር ከሰጧችሁ ቱቦውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ላዩ ላይ ግሉታታዮን ተብሎ ውስጡ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊሆን ይችላል። ስቴሮይድ ሆኖ ለወራት ከተቀባችሁት በአንዴ አታቁሙ። በአንዴ ሲቆም ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ ያን ጊዜ ሰው ተደናግጦ ወደ ቱቦው ይመለሳል። እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚቆም የቆዳ ሐኪም ይንገራችሁ።