መስታወቱ ትሪ አይደለም

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ኮምቦልቻ፣ የአንድ ተማሪ የማስተርስ ጥናት ርዕስ ውድቅ ሲደረግ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ልጁ ሊያጠና ያሰበው፣ ስስ የኦርጋኒክ (ካርቦን ያለበት ውህድ) ፊልም የሚያርፍበት ጠጣር ገጽ፣ ለምሳሌ መስታወት፣ ሲቀየር ክሪስታሉ እንዴት እንደሚቀየር ነው። አንዱ ገምጋሚ «መስታወቱ እኮ ትሪ ነው፤ ዋናው የሚቀርብበት ነገር ነው» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በቃ፣ ርዕሱ ወደቀ።

እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ፔንታሲንን እንውሰድ። አምስት የካርቦን ቀለበቶች በአንድ መስመር የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። ዱቄቱ ቫኩም ውስጥ ሲሞቅ ይተንና ፊት ለፊቱ ያለው ገጽ ላይ ያርፋል። ገጹ ሲሊኮን ኦክሳይድ (የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ከሆነ ሞለኪውሎቹ እንደ ማሽላ አገዳ ይቆማሉ። ንጹሕ ወርቅ ከሆነ ይጋደማሉ። ዱቄቱ ያው ነው! ኦክሳይዱ ላይ የቆሙትም ቢሆኑ አደራደራቸው ይለያል። በተለመደው ክሪስታል የአንዱ ንብርብር ውፍረት 1.41 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ 1.54 ይሆናል። ፊልሙ እየወፈረ ከገጹ ሲርቅ ደግሞ የተለመደው አደራደር ብቅ ማለት ይጀምራል። ታዲያ ትሪ እንዲህ ያደርጋል?

ነገሩ ወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። ትራንዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቆጣጠር ትንሽ ዕቃ) ውስጥ ኤሌክትሪኩ በገጹ ላይ አግድም ስለሚሄድ ቆመው የተደረደሩት ይመቹታል። ሶላር ሴል ውስጥ ግን ፊልሙን ከላይ ወደ ታች ማቋረጥ አለበት፤ እዚያ የተጋደሙት ይሻላሉ። ገጹን ያልመረጠ ሰው ዕቃውን ገና አልሠራውም።

እናቴ ደሴ ውስጥ አዲስ ምጣድ ስትገዛ ወዲያው ሊጥ አታፈስበትም። መጀመሪያ ታሟሸዋለች። ጎመን ዘር እየበተነች፣ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ በጨርቅ ታሸዋለች። ሳይሟሽ ከተጋገረበት እንጀራው ተጣብቆ ይቀደዳል። ሊጡ ምንም አልጎደለውም፤ እሳቱም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው ገጹ ላይ ነው። ይህን ማንም የወሎ ሴት ያውቀዋል፤ የምርምር ገምጋሚ እንዴት ያጣዋል?

ቫኩም ማሽን ውድ መሆኑን አልክድም። ግን ለመጀመር እሱ የግድ አይደለም። አንዱን ኦርጋኒክ ንጥረ ነገር አሟሙቶ በንጹሕ መስታወት፣ በሚካ (በስስ ንብርብር የሚላጥ ማዕድን) ላይ እና ሰም በተቀባ መስታወት ላይ ጠብ ማድረግ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ የጂኦሎጂ ክፍሎች ድንጋይ በሚመረምሩበት ፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል።

ልጁ ሦስቱንም ገጾች አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ርዕሱ ይመለስለት።