ኦሞ 2 ለምን እንደ እንጀራ ልጅ ይታያል?

ጅማን አቋርጦ የሚያልፈው አዌቱ ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል፤ ግልገል ጊቤ ጊቤን፣ ጊቤም ኦሞን። ውሃው ቆላ ከወረደ በኋላ በሚያልፍበት ኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ሁለት የጥንት ሰው ራስ ቅሎች ተገኙ። ኦሞ 1 አገጭ ያለው፣ አናቱ ክብ፣ እኛኑ የሚመስል ነው። ኦሞ 2 ግን ግንባሩ ወደ ኋላ ያጋደለ፣ የማጅራቱ አጥንት እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ ፊቱም አልተገኘም።

«የመጀመሪያው ሰው የኛ ነው» ስንል የምንጠራው ኦሞ 1ን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከእሱ በላይ የተነጠፈው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር ተዛምዶ ዕድሜው ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት (22 ሺህ ወዲህ ወይም ወዲያ) ተባለ። ኦሞ 2 ከመሬት ላይ የተለቀመ በመሆኑ ዕድሜው ያከራክራል። ሁለቱ የአንድ ዘመን ሰዎች ከሆኑ ግን ትልቁ ወሬ ልዩነታቸው ነው። 315 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የሞሮኮው ጀበል ኢርሁድም ፊቱ የእኛ፣ አናቱ ረዘም ዝቅ ያለ ነው። መልካችን ባንድ ጊዜ ተሠርቶ አላለቀም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ከ4,600 በላይ የወንድ ራስ ቅሎችን በ37 ልኬቶች ያነጻጸረ ጥናት ከአፍሪካ በራቁ ቁጥር በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለው ልዩነት እንደሚጠብ አሳይቷል፤ ከቀዬው የወጣው ጥቂት ሰው ስለሆነ። እዚህ ሰፊ ልዩነት ማግኘት ሊያስደንቀን አይገባም።

ልኬት ግን ያታልላል። የራስ ቅል ርዝመት በቅንድቦች መካከል ካለው ጉብታ እስከ ማጅራቱ ሩቅ ነጥብ፣ እግሩ በጎበጠ ካሊፐር (ሁለት እግር ባለው መለኪያ) ይለካል። ጉብታው ከተሸረሸረ ለኪው ይገምታል፤ ሌላው ለኪ ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ሳምንት ቆይቶ፣ የፊተኛውን ቁጥር ሳያዩ መድገም ግድ ነው። ራሱ ለኪው 2 ሚሊ ሜትር ከተለያየበት፣ በሁለት ቅሪተ አካላት መካከል ያለ 2 ሚሊ ሜትር ምንም አይነግረንም። ጥገናም አለ፦ አፋር ውስጥ ሄርቶ የተገኘው የጥንት ልጅ ራስ ቅል ከ180 በላይ ስብርባሪ የተገጣጠመ ነው፤ እንዲህ ባለ ሥራ አንዱ ቁራጭ ትንሽ ከተዛነፈ ስህተቱ እየተጠራቀመ ጎኑን ያሰፋዋል።

ኦሞ 2 «ከእኛ አይደለም» ከማለት በፊት የዛሬ ኢትዮጵያውያን ማጅራት ምን ያህል እንደሚለያይ ማወቅ ይቀድማል። ለዚህ አጥንት መቆፈር አያሻም፤ ጅማ ላይ ለሕክምና የሚነሳ የራስ ሲቲ ስካን (ራስን በስስ ቁርጥ እያደረገ የሚያሳይ የራጅ ምስል)፣ በታካሚው ፈቃድና ስሙ ተፍቆ፣ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሐኪሙ የሚያየው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ምስል የመለኪያ ነጥቦቹን ያደበዝዛል። የሚፈለገው 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነው ነው፤ የኮምፒውተር ማከማቻ ቦታ ሲጣበብ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱው ነው።