እርማት፦ መኪናው ቢወድም ዕዳው አይወድምም

ወንድሜ፣ «ጣርማበር ላይ የተገለበጠው አይሱዙ ከጥገና ውጭ ከተባለ የባንኩ ዕዳም አብሮ ይሰረዛል» ያልከው ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሁሉ የሚወራ ስሕተት ነው። የብድሩና የኢንሹራንሱ ውል ለየብቻ ናቸው። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የተገዛበትን ሳይሆን መኪናው ከአደጋው በፊት በገበያ የሚያወጣውን ዋጋ ነው፤ ያውም በኢንሹራንሱ ውል ከተጻፈው የዋስትና ጣሪያ ሳያልፍ፣ ባለንብረቱ በውሉ የሚሸከመው ድርሻ ተቀንሶ። ገንዘቡም በቅድሚያ መኪናውን በመያዣነት ለያዘው ባንክ ይሄዳል። ካሳው 1,000,000፣ ቀሪው ብድር 1,200,000 ብር ቢሆን 200,000 ብሩን አንተው ትከፍላለህ። (ከዕዳው የተረፈ ካለ ያንተ ነው፤ ይህን ግን ማንም አያነሣውም።) ካሳው እስኪወሰንም ወርሃዊ ክፍያውን አታቋርጥ፤ ወለዱ እንደ መኪናው ገደል ውስጥ አይቆምም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ (በሌሎች ላይ ላደረስከው ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ካለህማ ለራስህ መኪና ከኢንሹራንስህ አንድ ሳንቲም አታገኝም።