«እማማ፣ አወቁኝ?»

እናቴን ሊጠይቅ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይገባል። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ይስማል፤ ፊቱን ወደ ፊቷ ያስጠጋል፤ ከዚያ «እማማ፣ አወቁኝ?» ይላል። እናቴ ፈገግ ብላ «እንዴት አላውቅህም፣ የእኔ ጌታ!» ትላለች። እንግዳው ግን በዚህ አይለቃትም። «እስቲ ማን ነኝ? ስሜን ይንገሩኝ!» ያኔ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ጣቶቿ የነጠላዋን ጥለት መቁጠር ይጀምራሉ፤ ዓይኗ እኔን ይፈልጋል። ስድስት ልጆች ያሳደገች ሴት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፈተና ትወድቃለች። እንግዳው ቡናውን ጠጥቶ ሲወጣ ደጃፍ ላይ ክንዴን ይዞ «ጃጅተዋል እኮ» ይለኛል፤ እኔ የማላውቀውን እንደሚነግረኝ ሁሉ።

ስለዚህች ጥያቄ ነው መጻፍ የፈለግሁት። በክፋት የምትጠየቅ አይደለችም፤ እኔም ሰው ቤት ሄጄ ጠይቄያታለሁ። የመርሳት በሽታ በገባበት ቤት ግን እንደ እሷ የሚያቆስል ነገር ጥቂት ነው።

«መጃጀት» የሚለው ቃላችን ነገሩን ከሽበትና ከምርኩዝ ጋር ደምሮ ይተወዋል። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል? ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ ያየባት ሴት ግን በ1901 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ውስጥ ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። ሐኪሙ የጠየቃትንና የመለሰችለትን እየጻፈ አስቀምጧል። «ስምሽን ጻፊ» ስትባል መጨረስ ያቅታት ነበር፤ «ራሴን አጥቻለሁ» ማለቷም ተመዝግቧል። የምትረሳዋ ሴት መርሳቷን ታውቅ ነበር ማለት ነው።

እናቴም ታውቅ ነበር፤ ያላወቅነው እኛ ነን። አማርኛ ደግሞ ለመደበቅ ይመቻል። የልጅ ልጁን፣ የጎረቤቱን፣ የንስሐ አባቱን ስም የረሳ ሰው «የእኔ ዓለም»፣ «እናቱ»፣ «የእኔ ጌታ» እያለ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። እናቴ ሰውን ሁሉ በቁልምጫ መጥራት ስትጀምር «ስታረጅ ለሰለሰች» ተባባልን። ለሠላሳ ዓመት የጠጣችውን የማርያም ማኅበር «ጉልበቴን አመመኝ» ብላ ስትተው ጉልበቷን አሸንላት። ጉልበቷ ደኅና ነበር። ተራዋ ደርሶ ጠላ ልትጠምቅ ስትል የብቅሉና የጌሾው መጠን ጠፍቶባት፣ ማኅበርተኞቿ ፊት እንዳትዋረድ መሸሿ እንደነበር የገባን በጣም ዘግይቶ ነው።

ከዚያ መጠርጠር መጣ። የመቀነቷ ብር ጠፋ። «ሠራተኛዋ ናት» አለች፤ አመንናት፤ እናታችን ውሸት አታውቅም። ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ይዛ እያለቀሰች ወጣች። በሁለተኛዋም እንዲሁ ሆነ። ከወራት በኋላ እኅቴ ከሽሮው ቆርቆሮ ልትጨልፍ እጇን ስትሰድ፣ በመሐረብ የተቋጠረ ብር ከሥሩ አወጣች። አንደኛዋን ልጅ አፈላልገን ይቅርታ ጠየቅናት። ሌላዋን እስከ ዛሬ አላገኘናትም። እናቴ አልዋሸችም። ብሩን ከሌባ የደበቀችው እሷ ናት፤ የደበቀችበትን የረሳችውም እሷ ናት። የጎደለውን ታሪክ አንድ ሰው መሙላት ነበረበት፤ በድሃ ልጅ ሞላነው።

«ደግነቱ ወዲያው ትረሳዋለች» የሚሉኝ አሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአልዛይመር ሕሙማን የሚያሳዝኑና የሚያስደስቱ የፊልም ቁራጮችን አሳይተው ነበር። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ሲጠይቋቸው ሕሙማኑ ያዩትን በአብዛኛው ረስተውታል። ሐዘኑና ደስታው ግን አልለቀቃቸውም። እንዲያውም ያዩትን ይበልጥ የረሱት ሰዎች ሐዘኑ ይበልጥ ቆየባቸው። እንግዳው ከሄደ በኋላ እናቴ እስከ ማታ ለምን እንደምትቆዝም የገባኝ ይህንን ሳነብ ነው። ሰውየውን ረስታዋለች፤ ማፈሯ ግን አልወጣላትም። ለምን እንዳዘነች ስለማታውቅ ራሷን ማጽናናት እንኳን አትችልም።

ከሁሉ የከፋው የአባቴ ነገር ነበር። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ «አባታችሁ እስከ አሁን የት ቀረ?» ትላለች። እኅቴ መጀመሪያ እውነቱን ነገረቻት። እናቴ ነጠላዋን ጥላ ደረቷን መታች፤ እንደ አዲስ ሙሾ አወረደች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ዕንባዋ ሳይደርቅ፣ «አባታችሁ የት ቀረ?» አለች። እኅቴም ደገመችላት። እኛ እኮ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የምናውቅ ሰዎች ነን። ሽማግሌ ይዘን፣ ዘመድ አሰባስበን፣ ገና ሳይነጋ ሄደን፣ የሚደግፋት ሰው በግራና በቀኝ መኖሩን አይተን ነው ሰው የምናረዳው። እናታችንን ግን በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ፣ የሽንኩርት ቢላዋ በእጃችን እንደያዝን፣ ቆመን አረዳናት።

አሁን አንነግራትም። «ናፈቀሽ?» እንላታለን። «ቡና ሳይጠጣ ከቤት አይወጣም ነበር፣ አይደል?» እንላታለን፤ እሷም ስለ እሱ ታጫውተናለች። ይህ ማታለል ነው ብሎ የተቆጣኝ ዘመድ አለ። ከሆነም ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ስለ ቤተሰቡ ልቅሶ የሚናገር ግን የለም። ለሞት እድር አለ፤ ድንኳን አለ፤ ሠልስትና አርባ አለ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ለምትሄድ እናት የተዘረጋ ምንጣፍ የለም። እኅቴ ሥራዋን ትታለች። ሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሣለች፤ እናቴ «ወደ ቤቴ ልሂድ» እያለች በሩን ስለምትታገል። አንዳንዴ ትጮህባታለች፤ ከዚያ ማድቤት ገብታ ስለጮኸች ታለቅሳለች። ማንም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አይላትም፤ «ታድለሽ፣ እናትሽ አለችልሽ» ይሏታል እንጂ። በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመቶው ከስልሳ በላይ የሚሆኑትም ያሉት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ለእነርሱ ከሚውለው የማስታመም ሰዓት ከመቶው ሰባውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። እኛ ቤት ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እኅቴ ታጥባለች።

ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድማችን እሑድ እሑድ ይደውላል። «እኔን ደኅና አነጋገረችኝ፤ እናንተ ታጋንናላችሁ» ይለን ነበር። እውነቱን ነው። «እንደምን አለህ? ልጆች ደኅና ናቸው? እግዚአብሔር ይመስገን» ለማለት ትዝታ አያስፈልግም፤ ሰላምታችን ራሱን ችሎ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። አንድ ቀን በቪዲዮ ደወለና «እማዬ፣ አወቅሽኝ?» አላት። «ወንድሜ አይደለህም እንዴ?» አለችው። ሁለት ሳምንት ሳይደውል ቀረ። የሚገርመው፣ እንደ ብዙ የዚያ አካባቢ ኢትዮጵያውያን እሱም የሚሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። የፈረንጅ እናቶችን እንዲህ ብሎ እንዳይጠይቅ ሥልጠና ወስዷል። የራሱ እናት ፊት ሲቀርብ ግን ሥልጠናው ጠፋበት፤ ልጅ ሆነ። እኔ አልፈረድኩበትም።

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሁለት ዓመት ፈጀብን፤ «ዕድሜ ነው» እያልን። ይህን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው እለምናለሁ። የሚረሳ ሁሉ ይህ በሽታ የለበትም። የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ወድቆ ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም ሳይቀር ሊመስሉት ይችላሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። የእናቴ ግን ከእነዚህ አልሆነም፤ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ጠበል እንወስዳታለን፤ ውሃው ያረጋጋታል። የደም ግፊት መድኃኒቷን ግን አናስቆምም።

ልትጠይቋት ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ሰው ትወዳለች። ስትገቡ ግን ስማችሁን ራሳችሁ ተናገሩ።

ባለፈው ሳምንት የድሮ ጎረቤታችን ልጅ መጥታ ነበር፤ አሁን እሷም ትልቅ ሰው ሆናለች። ማንም ሳይነግራት ከእናቴ ጎን በርጩማ ስባ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። «እትዬ፣ እኔ የታችኛው ግቢ ልጅ ነኝ። የእናቴ ምጣድ ተሰብሮባት እርስዎ አውሰውን፣ ክረምቱን ሙሉ በእርስዎ ምጣድ ጋገርን» አለቻት።

እናቴ ብዙ አየቻት። ጣቶቿ ጥለቱን አልቆጠሩም።

«ታዲያ መለሳችሁት?» አለቻት።